ማይክ በዝምታ ይፈተናል

ጥቅምት 3

ለሚጡ፣

ደብዳቤሽ ትናንት በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ደረሰኝ። እንደ ልማዱ የፀሐይ መከላከያው ላይ ሰክቶ ስላመጣው አንዱ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ስለ ጉልበቴ ጠይቀሻል፤ ደረጃ ካልወጣሁ ደህና ነው። የመድረካችን ደረጃ ደግሞ ሦስት ብቻ ስለሆነ ተቻችለን እንኖራለን።

ለምን እንደማልደውል ታውቂያለሽ። ስልክ ከድምፅሽ ላይ የታችኛውን ግማሽ ይበላዋል። በተረፈው ላይ ተነሥቼ «ልጅቷ ታማለች እንዴ?» እያልኩ ከምሰነብት መጻፉ ይሻለኛል።

የባንዱ መሪ ያለሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በትክክል ገብቶኝ ከሆነ፣ ታኅሣሥ ሃያ በትልቁ አዳራሽ አንቺ መድረክ ላይ ቆመሽ አፍሽን ታንቀሳቅሻለሽ፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ሌላ ልጅ ስቱዲዮ ገብታ የቀዳችው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ያንቺ ድምፅ ትንሽ ነው፣ ድራሙ ይውጠዋል፣ ማይኩን ከፍ ሲያደርጉት ያፏጫል። ቀሚሱ ያንቺ፣ ጉሮሮው የሌላ። ሰውየው ይህን ዓይን ዓይንሽን እያየ ነው የተናገረው?

ምን ላድርግ ብለሽኛል። እምቢ በይ። ብቻሽን አይደለም እምቢ የምትዪው፣ ማስረጃ ይዘሽ ነው።

እኔ ይህን የእኛን አዳራሽ ስድስት ዓመት ጠርጌዋለሁ፣ ድምፅ ማስተካከያው ሚክሰር ላይ ከተቀመጥኩ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። እስከ ዛሬ ትንሽ ድምፅ የሚባል ነገር አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝ ያለ ቦታው የቆመ ማይክ ነው። ስለዚህ የምነግርሽን አድርጊ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሌላው ሰው ሳይመጣ፣ ድራመሩን ለምኚው። ማይኩን ያዢና ሁልጊዜ የምትቆሚበት ቦታ ላይ ቁሚ። እሱ ባለ በሌለ ኃይሉ ይምታ። አንቺ ግን አትዝፈኚ፤ ትንፍሽ እንዳትዪ። የማይኩን ድምፅ ብቻውን ቅጂና ስሚው።

ሰዎች ማይክ ሞከርን ብለው «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ይላሉ። በዚያ የሚፈተነው ገመዱ ነው። ማይክ የሚፈተነው ዘፋኙ ዝም ሲል ነው። አንቺ ዝም ስትዪ ማይኩ ምን ይሰማል? ድራሙን የሚሰማ ከሆነ ያ ማይክ ያንቺ አይደለም፣ የድራመሩ ነው።

ባሏችሁ ማይኮች ሁሉ ሞክሪና ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ጥቅምት 17

አክስትዬ፣

ያልሽውን አድርጌያለሁ። የልምምድ ክፍላችን ከጎማ መጋዘን በላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። ድራመራችንን ስሙን ትተን «መብረቅ» ነው የምንለው፤ ሲመታ ብትሰሚው ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝም ነበር። እያዛጋ መጣ።

«ዝም ለማለት ነው በጠዋት የቀሰቀስሽኝ?» አለኝ። «ዝም ማለትሽንማ ምሳ ሰዓትም ላይ ማየት እችል ነበር።»

«አንተ ምታ።»

«እስከ መቼ?»

«በቃኝ እስክልህ።»

«ሚስቴም እንዲህ ነው የምታዘኝ» ብሎ መታ።

በሦስት ማይክ ሞከርኩ። አንደኛው ከድሮ ጀምሮ የምንጠቀምበት ጥቁሩ ነው፤ ሁለተኛው ብርማው፤ ሦስተኛው የባንዱ መሪ በቅርቡ ከነሳጥኑ ያመጣው፣ ማንም ሳያስፈቅደው የማይነካው። ሦስቱም ውስጥ ያለው መብረቅ ነው። ከኋላዬ አምስት እርምጃ ርቆ እየመታ፣ የተቀዳውን ስሰማው ደረቴ ላይ ተቀምጦ የሚመታ ይመስላል። የነሐስ ሳህኖቹማ ጥርስ ያፋጫሉ። እሱ ራሱ ሰምቶት «እንዲህ ነው እንዴ የምጮኸው?» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያፍር አየሁት።

አንድ ነገር ብቻ ያስቀኛል። ማይኩ ማቆሚያው ላይ እያለ ጨዋ ነው። እኔ አንሥቼ ስይዘው ነው ማፏጨት የሚጀምረው። መብረቅ «ፈርቶሽ ነው» አለኝ።

ልንጨርስ ስንል የባንዱ መሪ ገባ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ማይክ እየሞከርን ነው።»

«ሹክሹክታ» አለኝ፤ አሁን ስሜ ይኸው ሆኗል። «የሚሞከር እኮ መጀመሪያ ሲኖር ነው።»

ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ። ያቺ ልጅ አምስቱንም ዘፈን ቀድታ ጨርሳለች። ቅጂውን አስደመጡኝ፤ ደህና ድምፅ አላት፣ ጥፋት የለባትም። አንቺ ብትሆኚ ምን ትዪው ነበር?

የእህትሽ ልጅ


ጥቅምት 29

ሚጡዬ፣

ምንም አልለውም ነበር። እኔ ቃል የሚመጣልኝ አፌ ላይ ሳይሆን እጄ ላይ ነው። ስለዚህ ጻፍኩለት። ሁለት ገጽ ሆነ። «እርስዎ የልጅቷን ድምፅ ትንሽ ብለውታል፤ ትንሽ የሆነው የእርስዎ ትዕግሥት ነው» ብዬ ነው የጀመርኩት። የቀረውን ከእሱ ስሚው። ሳታስፈቅጂኝ እንዳትዪኝ፤ ሳላስፈቅድሽ ነው ያሳደግሁሽ።

አሁን ድራሙ። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሰባት ማይክ ደቅነውበታል ብለሽ ነበር። እዚህ ዓርብ ዓርብ የሚጫወተው ባንድ ድራመር አንድ ከሰዓት በኋላ አብሮኝ ቆይቶ ነበርና ያሉኝን ማይኮች ሰብስቤ እኔም ሰባት ደቀንኩበት። አንድ ሰው ሰባት ጊዜ ሲጮህ ነው የሚሰማሽ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሣሁ አዳመጥኩ። ሦስት ቀሩ፤ አንዱ በትልቁ ከበሮ ሆድ ውስጥ፣ አንዱ ስኔር ከሚሉት ትንሹ ከበሮ ጠርዝ ሁለት ጣት ርቆ፣ አንዱ ከመቺው ራስ በላይ። ድራመሩን «ምን ጎደለ?» አልኩት። «ጫጫታው» አለኝ። ከኋላው ወፍራም ምንጣፍ ስንሰቅልበት ደግሞ ግድግዳው እየመለሰ የሚወረውረው ነገር ሞተ። ለመብረቅ ይህን አሳዪው። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ያፈረ ሰው ይማራል።

ማይኩ ማቆሚያው ላይ ጨዋ ነው ያልሽው አያስጨንቅሽ። ማቆሚያው ከስፒከሩ ራቅ ብሎ ስለቆመ ነው።

አንድ ነገር ላኪልኝ። የአዲሱ ማይክ ሳጥን ውስጥ ትንሽ የመመሪያ መጽሐፍ ትኖራለች። ማንም አያነባትም፤ ብርጭቆ ያስቀምጡባታል። የእኔ ትምህርት ከገጽ ሰባት እስከ ገጽ አሥራ አራት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንድ ባንድ ጥሎት ከሄደው ቆሻሻ ውስጥ ያነሣኋት ቡክሌት ከፊትም ከኋላም ተገንጥላ ነበር። እሷን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው እዚህ የደረስኩት። ከገጽ አንድ ጀምሮ ማንበብ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ልየው።

እምቢ ማለትሽን እንዳትተዪ።

አክስትሽ


ኅዳር 11

አክስትዬ፣

ለምን ጻፍሽለት?

ደብዳቤሽን በልምምድ መካከል አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው። «የአዳራሽ ጠራጊ ስለ ድምፅ ታስተምረን ጀመር» ሲል ጊታሪስቱም ኪቦርዲስቱም ሳቁ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ካልሳቅሁ አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚ አይደለም። ከደበቅሁሽ ስለሚብስብኝ ነው።

ያልሳቀው መብረቅ ብቻ ነው። ተነሥቶ ሁለት ሳህን ፈታና ሳጥን ውስጥ ከተታቸው። አራት ማይክ ከድራሙ ላይ አነሣ። በማግስቱ ከቤቱ ምንጣፍ ተሸክሞ መጣ። የባንዱ መሪ «ምንድን ነው ይሄ፣ ሳሎን ልታደርገው ነው?» ሲለው፣ «አይ፣ ጠራጊ ስላዘዘችኝ ነው» አለው። እግዜር ይስጠው።

ለውጥ አለ። የሰማ ሁሉ ለውጥ አለ ይላል። ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስዘፍን፣ አምስተኛው ዘፈን ውስጥ ያቺ የምወዳት ቦታ ላይ፣ አሁንም ያፏጫል። የባንዱ መሪ እስከ ታኅሣሥ አሥር ድረስ ጊዜ ሰጥቶኛል። የዚያን ቀን አምስቱንም ዘፈን ያለ ፉጨት ከዘፈንኩ በራሴ ድምፅ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ ካፏጨ አበቃ፣ ፕሌይባክ ነው፤ የተቀዳው ይለቀቃል።

ደክሞኛል አክስቴ። አፌን ብቻ ባንቀሳቅስ ምን እሆናለሁ? እውነቴን ነው የምጠይቅሽ።

መጽሐፏን ሰርቄ ልኬልሻለሁ። የብርጭቆ ክብ አለባት፣ እንዳልሽው።


ኅዳር 28

ሚጡ፣

አሥራ ሰባት ቀን ዝም አልኩሽ። ሹፌሩ በመጣ ቁጥር «ዛሬም የለም?» ሲለኝ «የለም» እለዋለሁ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ይህኛው አራተኛው ነው፤ ብቀደውም ባልቀደውም የሚለው አንድ ነው።

መጽሐፏን ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ገጽ አምስት ላይ ሁለት ሥዕል አለ። በመጀመሪያው አንድ እጅ የማይኩን ራስ፣ ያንን ወንፊት፣ እንደ ብርቱካን ጨብጦታል። በላዩ ላይ ሁለት መስመር ተሻግሮበታል፤ እንዲህ አታድርግ ማለት ነው። በሁለተኛው እጁ ዝቅ ብሎ እጀታውን ይዟል። ከሥሩ ያለችውን ጽሑፍ ለመፍታት አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀብኝ። ማይኩ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ እንዳይሰማ የሚያደርጉት ከወንፊቱ ሥር ያሉ ቀዳዳዎች ናቸው ይላል። በእጅ ከተሸፈኑ ማይኩ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይሰማል፤ ያፏጫልም።

ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ልብስ ስትሰፋ አንቺ እኔ ጋ ትውዪ ነበር። የአዳራሹ ብቸኛ ማይክ ራሱ ላልቶ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ የሚያጠብቀውም አልተገኘም። «ራሱን እቀፊው፣ እንደ ጫጩት» አልኩሽ። አቀፍሽው፣ መንቀጫቀጩም ቆመ። ማይኩ ከተቀየረ ስንት ዓመቱ ነው፤ እጅሽ ግን እዚያው ቀረ። እኔም ሳላየው ቀረሁ። የማየው የራሴን እጅ ነበርና ምን ስሕተት ይታየኛል? በእኛ አዳራሽ ደግሞ ዘፋኝ ፊት የሚቀመጥ ስፒከር ስለሌለን ጉዱ ተሸፍኖ ኖረ።

አንቺ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ማቆሚያው ላይ እያለ ጨዋ ነው፣ ስይዘው ያፏጫል ብለሽ። እኔ ደግሞ «አያስጨንቅሽ» አልኩሽ። የቸገረኝ ገጹ መጉደሉ አይደለም፤ አንቺ ስትነግሪኝ አለመስማቴ ነው። ስሚ ስሚ እያልኩ የኖርኩት ሴትዮ።

ሞክሬዋለሁ። አዳራሹን ከፍቼ፣ ስፒከር ፊቴ አስቀምጬ፣ እንዳስተማርኩሽ ያዝኩት፤ ጮኸ። እጄን ዝቅ አደረግሁ፤ ዝም አለ። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት። አሥሩንም እኔ ነበርኩ ጥፋተኛዋ።

ስለዚህ ይቅርታ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ለጥያቄሽ። አፍሽን ብቻ ብታንቀሳቅሺ ምን ትሆኛለሽ? ምንም አትሆኚም፤ ትበያለሽ፣ ትጠጫለሽ፣ ትተኛለሽ። አንድ ቀን ግን የዘፈንሽውን ስታስታውሺ የማን ድምፅ እንደነበር ይጠፋብሻል። ውሳኔው ያንቺ ነው። እኔ ተሳስቼ ካሳሳትኩሽ በኋላ እምቢ በይ ብዬ የማዝሽ ማን ነኝ?

ደብዳቤዬን ግን ከሰውየው አልመልስም። ስለ እጅሽ እኔ ተሳስቻለሁ። ስለ ጉሮሮሽ የተሳሳተው እሱ ነው። ከፈለግሽ «ጠራጊዋ ተሳስታለች» ብለሽ ንገሪያቸውና ይሳቁ፤ መሳቅ ያውቁበታል።

እጅሽን ወደ ታች፣ ከወንፊቱ አራት ጣት ዝቅ አድርጊ። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረሽ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 12

አክስትዬ፣

ሦስት ቀን ተናደድኩብሽ። በአራተኛው ቀን ያቺ ዘጠኝ ዓመቷ የሆነች ልጅ ትዝ አለችኝ። አንቺ መጥረጊያሽን ደገፍ ብለሽ ስትሰሚኝ፣ ያንን የላላ ማይክ አቅፌ ደስ ብሎኝ ነበር። ያንን ደስታ መልሼ ልሰጥሽ አልፈልግም። ስለዚህ ተዪው፣ አልፏል።

ለባንዱ መሪ አልነገርኩትም፤ እሱ የሚስቅበት ነገር አይጎድለውም። ለመብረቅ ብቻ ነገርኩት። በማይኩ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠመጠመልኝ፤ «ከዚህ በላይ ድንበር ነው፣ ፓስፖርት ይጠየቃል» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ተለማመድኩ። ስናገር እጄ ታች ነው፣ ስስቅ ታች ነው። ስዘፍን ግን፣ ልክ ዓይኔን ስጨፍን፣ ጣቶቼ ወደ ላይ ይወጣሉ። ስንት ዓመት የተማሩትን በጥቂት ቀን ምን ያስረሳቸዋል?

ስለ ታኅሣሥ አሥሩ ደግሞ ልንገርሽ። አራቱን ዘፈን እንደ ውኃ አለፍኳቸው። ጊታሪስቱ እንኳ ቀና ብሎ አየኝ። አምስተኛው ላይ፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ፉጨቱ ሳይቆም የባንዱ መሪ «አመሰግናለሁ ሹክሹክታ፣ ሞክረሻል» አለ።

«አምስተኛውን ማይኩ ማቆሚያው ላይ ሆኖ ልዝፈነው» አልኩት።

«እንደ ግንድ ቆመሽ? ሰው እንቅስቃሴ ነው የሚፈልገው።»

«አራቱን እኮ ሰምተሃል።»

«የተስማማነው አምስት ነበር።»

ተስማምተን ነበር፤ ልክ ነው። ፕሌይባክ ሆነ፣ አምስቱም።

ታኅሣሥ ሃያ ምን እንደማደርግ አውቄያለሁ። አልጽፍልሽም፤ ካወቅሽ ስትጨነቂ ትሰነብቻለሽ፣ ወይ ደግሞ ሌላ ሁለት ገጽ ትጽፊለታለሽ። ለሹፌሩ ቲኬት ሰጥቼዋለሁ። እሱ ይንገርሽ።


ታኅሣሥ 25

ሚጡዬ፣

ሹፌሩ ትናንት መጣ። ደብዳቤሽን ከመስጠቱ በፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሲያመላልስ ቁጭ ብሎ አያውቅም።

«እትዬ፣ እኔ ሙዚቃ አላውቅም» አለኝ። «ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግርሽ።»

«ያየኸውን ንገረኝ።»

«ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። ሙዚቃው ጀመረ። ልጅሽ ወጣች፣ ማይኩን ማቆሚያው ላይ ሰካችው፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ከዚያ ዘፈኑ መጣ፤ ትልቅ ድምፅ ነው፣ ገበያ የሚያክል። አፏን አየሁት፣ ዝግ ነው። እንደ ሳጥን ነው የተዘጋው። አጠገቤ ያለውን ሰውዬ ‹ማነው ታዲያ የሚዘፍነው?› አልኩት። ‹አርፈህ ስማ› አለኝ። ትንሽ ቆይቶ እሱም አየና ‹ማነው ግን?› አለ።»

በዚህ ጊዜ እኔ የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ከመጋረጃው ጥግ አንድ ሰውዬ እጁን እንደ ትራፊክ ያወናጭፋል። እሷ ዞር ብላም አላየችው። ያኔ ድራም የሚመታው ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ጊታሩም ቆመ። ሌላውም ቆመ። ድምፁ ብቻውን ቀረ እትዬ። ባለቤት እንደሌለው ከብት መድረኩ ላይ ይዞራል። በኋላ የሆነ ሰው ቆረጠው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጸጥ አለ። እሷም ጸጥ። በጣም ቆየች፤ ረስታው ነው እንዴ እስክል ድረስ። አንድ ሰው ከኋላ ‹ማይኩን ክፈቱላት› ብሎ ጮኸ። ሁለት ሆኑ፣ አሥር ሆኑ። ከፈቱላት። ዘፈነች። እጇን አልፈታችም።»

«ድምፁ እንዴት ነበር?»

አሰበበት። «ትልቅ አይደለም» አለኝ። «ግን የነገረችው ለእኔ ይመስለኝ ነበር። ሰውየውም ለእኔ ነው ይላል፤ ተከራክረናል።»

«ዝቅ ስትልስ አላፏጨም?»

«ምኑ?»

ሚጡ፣ ከዚህ የበለጠ መልስ በሕይወቴ አልሰማሁም።

ከዚያ ደብዳቤሽን ሰጠኝ። አራት መስመር ናት። ከባንዱ እንደተባረርሽ፣ መብረቅም ሳህኖቹን ተሸክሞ አብሮሽ እንደወጣ፣ አዳራሻችን ውስጥ ለሁለት ሰው ቦታ ይኖር እንደሆነ። እኔን ደግሞ ተቆጥቼሽ እንደሆነ ጠይቀሻል፤ ቀላል ጠብ አልነበረም፣ ሌላ ባንድ ላይወስደኝ ይችላል ብለሽ።

አልተቆጣሁም። የሚቀጥለው ባንድ ላይወስድሽ ይችላል፤ እውነት ነው፣ አልዋሽሽም። ያ ሰውዬ አፍ አለው፣ ያወራል። ያውራ። የሚያወራው ሁሉ በገዛ አፉ ይሁን እንጂ።

ለአዳራሹ ኃላፊ ነግሬዋለሁ። «ዘፋኟ ማን ናት?» አለኝ። «ማይክ ሞካሪ ናት» አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት መድረኩ ክፍት ነው። ገጽ አምስትን ከመጽሐፏ ገንጥዬ ሚክሰሩ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ ማይክ በእጁ የሚይዝ ዘፋኝ ሁሉ እንዲያየው። አንቺ ግን ማቆሚያሽ ተዘጋጅቷል። ቁመትሽ ላይ አጥብቄዋለሁ፣ አይላላም።

መብረቅን ያንን ምንጣፍ እንዳይረሳ ንገሪው። ስትመጪ ቦታሽ ላይ ትቆሚያለሽ፣ እሱ ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታል። መጀመሪያ ዝም ትያለሽ፤ እኔ እሰማለሁ። ከዚያ እጅሽን ወደ ኋላ አድርገሽ ትዘፍኛለሽ። ያኔ እንደ ልብሽ ዓይንሽን መጨፈን ትችያለሽ።

አክስትሽ